ኑዛዜም ያረጃል

አማርኛ ለሁለት ነገር አንድ ቃል አለው። ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ የሚናገር ሰው ተናዘዘ ይባላል፤ ቤቱንና ጥሪቱን ለማን እንደሚተው የሚናገርም ተናዘዘ ይባላል። ለብዙ ዘመን ሁለቱም በአንድ አልጋ ዙሪያ፣ በአንድ የጣር ሰዓት፣ ቄሱም ሽማግሌውም ባሉበት ይፈጸሙ ስለነበር ቃሉ አንድ መሆኑ አያስገርምም። የሚያስገርመው የሁለቱ ዕጣ በኋላ መለያየቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ንስሐን ለሞት አፋፍ አላስቀረችውም፤ ጤነኛውም ወጣቱም ደጋግሞ እንዲናዘዝ ታስተምራለች፤ አምና የተናዘዘ ሰው ዘንድሮ ይቅርብኝ አይልም። የንብረት ኑዛዜ ግን አንዴ ከተባለ የማይነካ የመጨረሻ ቃል ሆኖ ቀረ። ከዚህ የተነሳ በጤናው ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው እንኳ ከጻፈ በኋላ መለስ ብሎ አያየውም። ልጅ ይወለዳል፣ ትዳር ይፈርሳል፣ ሰፈሩ ይነሳል፤ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ በተጻፈባት ቀን ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ሕጋችን በዚህ ነገር ከልማዳችን ጋር አልተስማማም። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን የሚያየው እንደሚያረጅ ነገር ነው፤ የቤተሰብ ክፍሉ በ1992 ዓ.ም. በሌላ ሕግ ሲተካ የውርሱ ክፍል ሳይነካ ቀርቷል። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፤ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በራሱ ጽሕፈት የሚያደርገውና በቃል የሚነገር። ለልማዳችን የሚቀርበው የመጨረሻው ነው፤ ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው። ሕጉ ለዚህ ቃል የሰጠው ዕድሜ 3 ወር ነው። ሰውየው ድኖ ከዚያ በላይ ከኖረ የተናገረው እንዳልተነገረ ይቆጠራል። በጣር ሰዓት የተባለው የዚያ ሰዓት ነው፤ ከአልጋው የተነሳ ሰው ተረጋግቶ እንደገና ያስብ ማለት ነው። በቃል ሊተላለፍ የሚችለውም ጠባብ ነው፦ ስለ ቀብሩ ማዘዝ፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት መሰየም፣ ከዚያም እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መስጠት። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ በ500 ብር የጣት ቀለበት አይገኝም። እንግዲህ «አባታችን ሊሞቱ ሲሉ ቤቱን ለእኔ ብለዋል» የሚል ልጅ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ለምስክርነት ቢያሰልፍ ቤቱ በዚያ ቃል አይተላለፍለትም።

ተናዛዡ በራሱ ጽሕፈት የሚያደርገው ኑዛዜ ለምስጢረኛ ሰው የተመቸ ነው። ምስክር አይፈልግም። ሙሉ በሙሉ በእጁ ይጽፈዋል፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገራል፣ በየገጹ ቀን ጽፎ ይፈርማል፤ በቃ። ሕጉ ግን ለዚህም ሰዓት ሞልቶለታል። በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ፣ በአዲስ አበባ ሰው አነጋገር ውልና ማስረጃ፣ ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. ጽፎ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያኖረው ሰው በ2015 ዓ.ም. በእጁ ያለው ኑዛዜ ሳይሆን ደብዳቤ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሕጉን ጨካኝ ይለዋል፤ በእጄ የጻፍኩት፣ ጽሕፈቴም ፊርማዬም የማይካድ ቃል በዓመት ብዛት ለምን ይሞታል? ለምን ከተባለ ማንም ያላየው ወረቀት ከረጅም ዘመን በኋላ ሲገኝ የሟቹ የመጨረሻ ሐሳብ ይሁን የተወው ሐሳብ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ወረቀቱን ወስዶ ማስቀመጥ ራሱ ሐሳቡን አንድ ጊዜ ደግሞ ማረጋገጥ ነው። ሕጉ የጠየቀው ያንን ነው።

ፍርድ ቤት ቀርቦ ጠንክሮ የሚቆመው በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ነው። ተናዛዡ ወይም እርሱ እያለው ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በራሱ በኑዛዜው ላይ ይጻፋል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። «ተነቦ» የምትለው ቃል ተረስታ ስንት ኑዛዜ በክርክር ወድቋል። ሥርዓቱን ካሟላ ግን የቀን መቁጠሪያ አይገድለውም፤ ከ30 ዓመት በኋላም ሕያው ነው። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። የቃሉ በ3 ወር፣ የእጅ ጽሕፈቱ በ7 ዓመት ባለቤቱን ሲቀሰቅሱት ይህኛው ዝም ይላል፤ ስለዚህ ሕጉ በጊዜ ፈንታ ክስተት አቆመበት። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ተወልዶ ውርሱን ከተቀበለ በኑዛዜው የተሰጡ ስጦታዎች ይፈርሳሉ። ሟቹ ልጁ እንደሚወለድ ቢያውቅም ስጦታዎቹን ይተዋቸው ነበር ብሎ ፍርድ ቤት ካመነ ሊያጸናቸው ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ልጁ ያለ ኑዛዜ ይደርሰው ከነበረው ቢያንስ ሦስት አራተኛውን ያገኛል። ለባል ወይም ለሚስት የተሰጠ ስጦታም ጋብቻው ከሞት በቀር በሌላ ምክንያት ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሕጉን ሐሳብ የሚያሳዩት ሁለት ክልከላዎች ናቸው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙ ኑዛዜው ዋጋ የለውም። የትዳር ፍቅር አስበው ለሚያደርጉት ሰዎች ይህ ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን በአንድ ወረቀት የታሰሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ያለ ሌላው ሐሳቡን መለወጥ አይችልም። ሁለተኛው ደግሞ ኑዛዜዬን አልለውጥም ብሎ መዋዋል ነው፤ ቢፈርምም፣ ቢምልም ቃሉ አያስረውም። ሕጉ መናዘዝን እንደፈቀደ ሁሉ ሐሳብ መለወጥንም ለሰውየው ጠብቆለታል፤ ያንን መብት በገዛ ፈቃዱ እንኳ እንዳይሸጠው ከልክሎታል። እኛ የማይነካ ቃል ያደረግነው ኑዛዜ በሕጉ ዓይን እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ የሚነካ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ሕጉ ራሱ ያረጀውን የሚያፈርስ ከሆነ የእኔ ድካም ለምን ያስፈልጋል ሊል ይችላል። ሕጉ የሚያየው ጥቂቱን ነው። ፍቺን ያያል፤ መለያየትን አያይም። በከተማችን ስንት ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ሳይረግጡ ተለያይተው፣ እርሱም ሌላ ትዳር ይዞ እርሷም ሌላ ይዛ ይኖራሉ። እንዲህ ለዓመታት ተለያይተው የኖሩትን ሰበር ሰሚው ችሎት ጋብቻቸው እንደፈረሰ የቆጠረበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ያ የሚታወቀው ሟቹ ከተቀበረ በኋላ፣ በክርክርና በጠበቃ ገንዘብ ነው። አዲስ ጋብቻንም ሕጉ አያይም። በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው ሲያገባ የቀድሞ ኑዛዜው በ1837 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ይሻራል፤ ለንደን ያለ ዘመድ ይህን ሰምቶ አገር ቤትም እንዲሁ ይመስለዋል። እዚህ ግን ጋብቻ ኑዛዜን አይሽርም። ይባስ ብሎ በሕጋችን ባልና ሚስት አንዱ የሌላው ወራሽ አይደሉም፤ ኑዛዜ በሌለበት ውርሱ ለልጆች፣ ልጅ ከሌለ ለአባትና እናት ይሄዳል፤ ሚስት የምትወስደው ከጋራ ንብረቱ የራሷን ግማሽ ነው። ስለዚህ በወንደላጤነቱ ሁሉንም ለእህቱ የተናዘዘ ሰው አግብቶ 20 ዓመት ቢኖር፣ ልጅም ባይወልድ፣ የእርሱ ድርሻ እንደተጻፈው ለእህቱ ነው።

ያሳደጉት ልጅም እንዲሁ። የእህት ልጅ፣ የገጠር ዘመድ ልጅ፣ እናቱ የሞተችበት የጎረቤት ልጅ «ልጄ» ተብሎ አድጎ፣ ተምሮ፣ ተድሮ በሕግ ፊት ልጅ አይደለም። ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ከጸደቀ እንደ ተወለደ ልጅ ይወርሳል፤ ካልጸደቀ የሚያገኘው በኑዛዜ ብቻ ነው። ልጁ ሳይመጣ በፊት የተጻፈ ኑዛዜ ደግሞ አያውቀውም። የዚህ ግልባጭ የሆነው ከውርስ የተነቀለው ልጅ ነው። ሕጉ አባት ልጁን በግልጽ እንዲነቅል ይፈቅዳል፤ ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ ፍርድ ቤቱ ምክንያቱ ለመንቀል ይበቃል ወይ ብሎ ይመዝናል እንጂ እውነት ነው ወይ ብሎ አይመረምርም። በኋላ ሽማግሌ ይገባል፤ ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ አባት ያነሳዋል፤ በፋሲካ አብረው ይገድፋሉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉን ሲያስታርቁ ወረቀቱን ያስታረቀ የለም። አባት ሲሞት የዚያ የተረሳ ቂም ቃል ይነበባል፤ ከዕርቁ ይልቅ ቁጣው ይወርሳል።

ከአራዳ ጊዮርጊስ ፊት በፈረስ ላይ የተቀመጡት ንጉሥ ሳይታደስ የቀረ ኑዛዜ ትልቁ ምሳሌ ናቸው። ሐውልታቸው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ከተገለጠ ጀምሮ ፒያሳን ይጠብቃል። አፄ ምኒልክ የቃል ኑዛዜ ምን ያህል እንደሚጸና ከማንም የበለጠ ያውቁ ነበር። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ሊሞቱ ሲሉ ራስ መንገሻ ልጄና ወራሼ ነው ብለው ተናዘዙ፤ ዙፋኑን የያዙት ግን ምኒልክ ሆኑ። ምናልባት ስለዚህ ይሆናል ራሳቸው ሕመም ሲጸናባቸው ነገሩን በአዋጅና በእርግማን ያጠሩት። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆናቸውን አስታወቁ፤ ወራሹ ገና ልጅ ስለነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ሆኑ። ቃሉን የሚያፈርስ እርግማን ይድረሰው ተባለ። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ነበሩ፤ ነገር ግን ሕመሙ አልጋ ላይ አውሎ አንደበታቸውን ስለያዘው ሌላ ሞግዚት ሊሾሙ አልቻሉም። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጅ ኢያሱ በመስቀል ቀን፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሱ። ለውድቀታቸው የመኳንንቱ ጥቅም፣ የሃይማኖት ክስ፣ የዓለም ጦርነቱ ፖለቲካ ሁሉ ድርሻ አለው፤ በሞግዚት እጦት ብቻ አልወደቁም። ይሁንና የኑዛዜው ምሰሶ የነበረው ሰው ሲሞት ምሰሶውን የሚተካ ቃል አልነበረም፤ እርግማኑ ብቻውን ቀረ። የግል ኑዛዜም ላይ ይኸው ይደርሳል። ለልጆቹ አጎታቸውን ሞግዚት አድርጎ የሰየመ ሰው አጎትየው ሲሞት፣ አገር ሲለቅ ወይም ሲታመም ወረቀቱን ካላየ ልጆቹ ያለ ጠባቂ ናቸው። ምኒልክን ሕመም ከለከላቸው፤ ጤነኛውን ምን ይከለክለዋል?

ሰው ብቻ አይደለም የሚለወጠው፤ የሚወረሰውም ይለወጣል። ይህን ከአራዳ ሰው የበለጠ ያየ የለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት «ይህኛው የኪራይ ቤት ለእገሌ፣ ያኛው ለእገሊት» ተብሎ የተጻፈ ኑዛዜ ሁሉ በአንድ ቀን ባዶ ወረቀት ሆነ። ቤቶቹ የቀበሌና የኪራይ ቤቶች ሆነው ዘመን አለፈ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ፤ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች በወራት ውስጥ ፈረሱ፤ ባለይዞታው በካሳና በምትክ ቦታ፣ የቀበሌ ተከራዩ በምትክ ቤት ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። «ፒያሳ ያለውን ቤቴን ለልጄ» የሚል ኑዛዜ የያዘ ባለይዞታ እንግዲህ ምን ተናዘዘ? ሕጉ ተናዛዡ የተናዘዘውን ዕቃ ራሱ ለሌላ ካስተላለፈ ስጦታው እንደተሻረ ይቆጥረዋል። እዚህ ግን ሰውየው አልሸጠም፤ ተነሳበት። ካሳው በቤቱ ቦታ ገብቶ ለዚያ ልጅ ይሄዳል ወይስ ለሁሉም ልጆች የሚከፋፈል ገንዘብ ነው? ምትክ ቦታው ላይ የሚሠራው ቤት «ፒያሳ ያለው ቤቴ» ነው? ሁለት ጠበቃ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ ሁለቱም የሚያሸንፍ ክርክር አላቸው። አንድ መስመር የሚበቃው ተናዛዡ በሕይወት ሳለ ነው፤ ቤቱ የተነሳበት ሰው ምትክ ቦታውን የሚጠቅስ አዲስ ኑዛዜ ቢጽፍ ያ ሁሉ ክርክር አይነሳም።

ከቤቱ ጋር አብሮ የሚረሳ ሌላ ነገር አለ፤ «ቤቴ» የሚባለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ የሌላ ሰው ነው። በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት የጋራ ስለሆነ ባል ሊናዘዝ የሚችለው በራሱ ድርሻ ላይ ነው። ከማግባቱ በፊት ሙሉውን ቤት የተናዘዘ ሰው አግብቶ ከሚስቱ ጋር ቤቱን ቢያስፋፋው፣ ፎቅ ቢጨምርበት፣ የጻፈው ቃል ከያዘው ንብረት ሰፍቶ ወይም ጠቦ ይገኛል። ገንዘቡም እንዲሁ ነው። «ቤቱ ለታላቁ፣ ባንክ ያለው ለታናሿ» ሲባል የዛሬ 15 ዓመት ሚዛኑ ልክ ነበር እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የቤት ዋጋ ወደ ላይ፣ የባንኩ ብር ወደ ታች ሄደ። አባት ሊያበላልጥ ሳያስብ አበላለጠ። አባት በኑዛዜ ባደረገው ክፍፍል ከሚገባው ድርሻ ከሩብ በላይ የተጎዳ ልጅ ክፍፍሉን መቃወም ይችላል፤ እንዲህ የዋጋ ንረት ወንድምና እህትን ችሎት ያቆማል።

በኑዛዜ የማይገዛ ንብረትም አለ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጡረታ አበል በኑዛዜ አይተላለፍም፤ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጆችና ለወላጆች የሚሰጠው በጡረታ ሕጉ መሠረት ነው። የሕይወት መድን ገንዘብ ተጠቃሚ ተብሎ በፖሊሲው ላይ ለተሰየመው ይከፈላል፤ ስም ካልተጠቀሰ ነው ወደ ውርስ የሚገባው። ኑዛዜውን አድሶ ፖሊሲው ላይ የቀድሞ ሚስቱን ስም የተወ ሰው ሥራውን በግማሽ ጨርሷል። የቀበሌ ቤትም ኑዛዜ አያውቀውም፤ ከሟቹ በኋላ በቤቱ የሚቀጥለው ማን እንደሆነ የሚወስነው የአስተዳደሩ መመሪያ ነው። ውጭ አገር ያሉ ደግሞ ለወንድማቸው የሰጡትን ውክልና እንደ ኑዛዜ ያዩታል፤ ውክልና ግን በመርሕ ከወካዩ ጋር ይሞታል።

ታዲያ ሰው ለምን አያድስም? የመጀመሪያው መልስ ሟርት ነው፤ ስለ ሞት ደጋግሞ መጻፍ ሞትን መጥራት ይመስላል። ነገር ግን ይህንኑ የሚፈራ ሰው ለዕድር በየወሩ ይከፍላል፤ የዕድር መዋጮ ለሞት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ መዋጮ ስለከፈለ ሞተ የተባለ ሰው ግን የለም። ከዚህ ይልቅ ክብደት ያለው ተቃውሞ፣ ሕጉ ራሱ ለልጆች እኩል ስለሚያካፍል ኑዛዜ የሚባለው ነገር ጠብ ከመዝራት በቀር ፋይዳ የለውም የሚለው ነው። ልጆቹ ሁሉ ከአንድ ትዳር ተወልደው፣ ሁሉም አካለ መጠን ደርሰው፣ ያሳደገው ልጅ ለሌለው፣ ሚስቱም በድርሻዋ ለምትኖር ሰው ይህ እውነት ነው፤ ኑዛዜ ባይጽፍ ይሻለዋል ብል አላፍርም። ችግሩ ኑዛዜ አንዴ ከጻፈ በኋላ «ሕጉ ያካፍላል» የሚለው መጽናኛ ለእርሱ አይሠራም። አሮጌው ወረቀት እስካልተሻረ ድረስ ከሕጉ ክፍፍል ይቀድማል። ምንም አለመጻፍ አንድ ውሳኔ ነው፤ ጽፎ መርሳት ግን የማንም ውሳኔ አይደለም።

ሌላው ወገን፣ ይህ ሁሉ ከሚሆን በሕይወት እያለሁ ለልጆቼ በስጦታ ለምን አልጨርስላቸውም ይላል። ስጦታ ግን ሐሳብን እንደ ልብ የሚመልሱበት መንገድ አይደለም፤ የሰጠ ሰው እርጅናውን በልጁ ቤት እንግዳ ሆኖ ሊጨርስ ይችላል። በዚያ ላይ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ መሬቱን በሊዝ እንዲይዝ ደነገገ። ለአራዳ ነባር ባለካርታ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

በእኔ ሚዛን ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ኑዛዜ ደጋግሞ የሚለወጥ ከሆነ መጨረሻ ላይ አልጋው አጠገብ የተገኘው ሰው ያሸንፋል የሚለው። አስታማሚዋ፣ አብሮ የሚኖረው ልጅ፣ ጧት ማታ የሚጠይቀው ቄስ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ሕጉም ስለሚያውቀው፣ ተናዛዡን ላከመው ሐኪምና ለንስሐ አባቱ በሞቱ አቅራቢያ የተሰጠን ስጦታ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊሰርዘው እንዲችል አድርጓል። ለልጅና ለአስታማሚ ግን ያን ያህል አጥር የለም። መፍትሔው ታዲያ አለመለወጥ ነው? እንዲያውም ተጽዕኖ የሚያሸንፈው ያንን ነው። ለ25 ዓመት ያልተነካ ኑዛዜ በመጨረሻው ወር ድንገት ሲለወጥ የሰውየው ሐሳብ ይሁን የአስታማሚዋ ማንም አያውቅም። በጤናው፣ በየምዕራፉ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሲፋታ፣ ቤቱ ሲነሳ እያደሰ የመጣ ሰው ግን የሐሳቡን ዱካ ትቷል፤ የመጨረሻው ለውጥ ከዚያ ዱካ ከወጣ ለዳኛም ለልጆችም ይታያል። በአልጋ ዙሪያ የሚደረገውን ሽሚያ የሚያቀዘቅዘው አስቀድሞ የተሠራ ሥራ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ሰው ያበላሸዋል እንጂ። በጣም የተለመደው ስህተት አሮጌውን ወረቀት አውጥቶ መሰረዝና መደለዝ ነው፤ የአንዱን ስም አጥፍቶ የሌላውን ከላይ መጻፍ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ኑዛዜ የክርክር ግብዣ ነው። አዲስ መጻፍ ይሻላል፤ በአዲሱ ላይም ከዚህ በፊት የተደረገ ኑዛዜ ቢኖር የተሻረ ነው የሚል ቃል ማስገባት። ይህ ቃል ከሌለ አዲሱ አሮጌውን የሚሽረው አብረው ሊፈጸሙ በማይችሉበት ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ በቀረው ሁለቱም ይቆማሉ፤ ወራሾችም ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ሲያስታርቁ ይከርማሉ። ኮምፒውተር ላይ ጽፎ በማተም «በእጄ የጻፍኩት ኑዛዜ» ማለትም አደገኛ ነው፤ ሕጉ በመኪና ለተጻፈው በየገጹ የእጅ ጽሕፈት ምልክት ይጠይቃል፤ ለኮምፒውተር ጽሑፍ በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ይሻላል።

ቀኑም እንደ ቀላል አይታይ። ከሁለት ኑዛዜ የሚያሸንፈው የኋለኛው ስለሆነ ቀን ማለት ነፍሱ ነው፤ ቀን ሲጻፍ ደግሞ ዘመኑ የማን እንደሆነ መነገር አለበት። ዋሽንግተን የሚኖር ሰው በፈረንጅ ልማድ «2018» ብሎ የጻፈው ኑዛዜና እዚህ አዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር «2018» ተብሎ የተጻፈው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይራራቃሉ። ያልተቀመጠ የእጅ ጽሕፈት ኑዛዜ ዕድሜ 7 ዓመት መሆኑን ስናስታውስ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትለው ምልክት ወረቀቱን በሕይወት ታቆየዋለች ወይም ትቀብረዋለች።

ኑዛዜ መኖሩንና ይዘቱን የማስረዳት ሸክም የሚያርፈው ከኑዛዜው እጠቀማለሁ በሚለው ሰው ላይ ነው፤ የሚያስረዳውም በዋናው ወይም በተረጋገጠ ግልባጭ ነው፤ አይቼዋለሁ ብሎ መመስከር አይበቃም። ስለዚህ አዲሱ የት እንዳለ አንድ የታመነ ሰው ቢያንስ ማወቅ አለበት፤ ይዘቱን ማወቅ የለበትም። አሮጌውን ደግሞ ሆን ብሎ መቅደድ በሕግ መሻር ነው፤ ነገር ግን ያ የሚሠራው በእጁ ላለው ነው። በውልና ማስረጃ የተቀመጠ ግልባጭ፣ በእህቱ ቁም ሳጥን ያለ ሌላ ግልባጭ፣ ድሮ ለጠበቃው የሰጠው ሦስተኛ ካለ፣ እነዚያ የት የት እንዳሉ በአዲሱ ኑዛዜ ላይ በቀናቸው ተጠቅሰው መሻራቸው ይጻፋል።